ሹፌሯም ወያላዋም እኔ፦ የካምብሪጅ ጀማሪ ኮክስ ሥልጠና ሲገመገም

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። አራት ልሰጥ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትዝ ሲሉኝ እጄ ተመለሰ። ሁለት ላድርገው አልኩ፤ አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝና አፈርኩ። በሦስት ጸናሁ።

የምገመግመው ካምብሪጅ ውስጥ ያለ አንድ የኮሌጅ የቀዘፋ ክበብ ለጀማሪ ኮክሶች የሚሰጠውን ሥልጠና ነው። የክበቡን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ደግሞ ከሌሎች ኮሌጆች ኮክሶች ጋር ሻይ ስንጠጣ የምሰማው ወሬ ከኔው ብዙም አይለይም። የምጽፈው በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ወደዚህ ለሚመጡ የኛ ልጆች ነው፤ በተለይ እንደኔ አጠር ላላችሁት። በመጀመሪያው ሳምንት የክበቦች ባዛር ላይ አንድ ረጅም ፈረንጅ ከላይ እስከ ታች አይቷችሁ ፈገግ ካለ፣ ቆንጆ ሆናችሁበት አይደለም። ኮክስ እየፈለገ ነው።

ኮክስ ማለት ምንድን ነው? ስምንት ቀዛፊ የሚይዘው ጀልባ 18 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። የት እንደሚሄዱ አያዩም። ዘጠነኛዋ ሰው ጀልባዋ ጭራ ላይ ቁጭ ብላ ወደፊት ታያለች፣ መሪውን ትይዛለች፣ ትእዛዝ ትሰጣለች። የአዲስ አበባን ሚኒባስ አስቡት። ሹፌሩ ይነዳል፣ ወያላው ይጮኻል። ኮክስ ሁለቱንም ነች። ልዩነቱ ወያላው ሒሳብ ይሰበስባል፤ ኮክስ ሳንቲም አታገኝም። ኧረ ተመስገን፣ በኔ ክበብ ቢያንስ አትከፍልም። ቀዛፊዎቹ በየተርሙ (በየትምህርት ወቅቱ) መዋጮ አለባቸው፤ እኛ ነፃ ነን። ይህ ነፃነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በኋላ ገባኝ።

ለኮክስ ግድ አለመስጠት ድሮም የነበረ ነገር ነው። በፈረንጆች 1900 በፓሪስ ኦሎምፒክ ሁለት የኔዘርላንድ ቀዛፊዎች ኮክሳቸው ከበዳቸው። ከዚያው ከፓሪስ አንድ ትንሽ ፈረንሳዊ ልጅ ፈልገው አስቀመጡ። ወርቁን ወሰዱ። ልጁ አብሯቸው ፎቶ ተነሣና በዚያው ጠፋ። ስሙን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እኔን የመለመሉኝም እንደዚያው ነው። አንዱ ረጅም ፈረንጅ "ምን ያህል ትመዝኛለሽ?" ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ነውር መሆኑ ትዝ ብሎት "ጠዋት መነሣት ትወጃለሽ?" አለኝ። አልወድም። እወዳለሁ አልኩ።

ማታ ለእማዬ ደወልኩ።

"ጀልባ? በዚያ ብርድ?"

"እኔ አልቀዝፍም እማ። ቁጭ ብዬ ነው የምመራው።"

"እና እነሱ እየለፉ አንቺ ቁጭ ትያለሽ? ምን ይሉሻል?"

"እጮህባቸዋለሁ።"

ትንሽ ዝም አለች። "እኔ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ ብዬ ያሳደግኩሽ፣ በሰው አገር ሰው ላይ እንድትጮኺ ነው?"

ይቺ ንግግር ቀልድ ትመስላለች። ለኔ ግን የሥልጠናው ግማሽ ችግር እዚህ ውስጥ ነበር።

ሥልጠና የተባለው መጀመሪያ የ40 ደቂቃ ገለጻ ነው። እሱን አልተችም፤ ደኅና ነበር። ዋና መቻል አለባችሁ፣ በልብስ ትፈተናላችሁ። (ግዮን ሆቴል መዋኛ ውስጥ ያሳለፍኩት ክረምት እዚህ ጠቀመኝ።) ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹ እንዴት እንደሚቆራረጥ የሚያሳይ ቪዲዮ አየን። ከጀልባ ብትወድቁ ጀልባዋን እንዳትለቁ፤ እሷ ትንሳፈፋለች፣ እናንተ ላትንሳፈፉ ትችላላችሁ። ከዚያ የባንዲራው ነገር መጣ። ወንዙ ላይ በየቀኑ ባንዲራ ይወጣል። አረንጓዴ ከሆነ ውጡ። ቀይ ከሆነ ማንም አይወጣም። ቢጫ ሲሆን ደግሞ ጀማሪዎች ላይ ገደብ አለ። እኔ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ስንት ቀን ቀይ እንዲሆን እንደተሳልኩ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ገለጻው ሐሙስ አለቀ። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ስምንት ጀማሪ ቀዛፊዎች አሉ። መቅዘፊያ ነክተው አያውቁም። አንዲት ጀማሪ ኮክስ አለች። ማይክ ነክታ አታውቅም። ዕውር ዕውርን ሲመራ ነው።

አሠልጣኛችን በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ ጥሩ ሰው ናቸው። ወንዙ ዳር በብስክሌት እየተከተሉ ያሠለጥናሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እሳቸው ዳር ላይ ብስክሌት እየነዱ፣ እኔ መሐል ወንዝ ላይ ነኝ። ለሁለት ነገር ብቻ ነው የሚደርሱልኝ፦ ሊጮኹብኝና ሊጸልዩልኝ። ደግሞ ዓይናቸው ያለው ቀዛፊዎቹ ላይ ነው። "ሦስት ቁጥር፣ ጀርባህን ቀጥ! አምስት፣ አትቸኩል!" ለስምንቱም ለእያንዳንዳቸው ምክር አላቸው። ለዘጠነኛዋ አንድ ምክር ብቻ፦ "ኮክስ፣ ዛፉን ተጠንቀቂ!"

ዛፉን አይቸዋለሁ። ያጣሁት ጀልባዋን ከዛፉ እንዴት እንደማርቅ ነው።

ይህን ማንም አላስረዳኝም፤ እኔ ላስረዳችሁ። የጀልባዋ መሪ፣ ውኃ ውስጥ ያለችው ማለቴ ነው፣ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም አትበልጥም። ግራና ቀኝ እጃችሁ ላይ ያለችውን ገመድ ስታንቀሳቅሱ ምንም አይሆንም። አንድ ቀዘፋ ያልፋል። አሁንም ምንም የለም። "አልሠራም" ብላችሁ ትጨምራላችሁ። በሦስተኛው ላይ የጠየቃችሁት ሁሉ ተጠራቅሞ ይመጣል። ያኔ ደንግጣችሁ ወደ ሌላው ትስባላችሁ። እሱም ዘግይቶ ይመጣል። ከዳር የሚያያችሁ ሰው ጠጅ ቤት ያደራችሁ ይመስለዋል። ደግሞ ጀልባ እንደ መኪና ከፊት አትዞርም። የምትሽከረከረው በመሐሏ ነው። አፍንጫዋ ወደ ግራ ሲሄድ እናንተ የተቀመጣችሁበት ጭራ ወደ ቀኝ ይወረወራል። እኔ ፊቴ ያለውን ዛፍ አመለጥኩ ብዬ ደስ ሲለኝ ጭራዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ፀጉሬ ውስጥ የገባውን ቅጠል ቤተ መጻሕፍት ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ደግሞ ከፊታችሁ ያለው አይታይም። በቁመት የተመረጡ ስምንት ሰዎች ከፊታችሁ ተደርድረዋል። ከሲኖትራክ ኋላ ተለጥፎ እንደመንዳት ነው። ቀጥታ ፊት ያለው ነገር ሁሉ በግምት ነው። ካም ወንዝ ደግሞ አባይ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ ከጀልባዋ ርዝመት ብዙም አይበልጥም፤ ለመዞር አፍንጫና ጭራን ከዳር ዳር ማሳከክ ነው። በዚያ ላይ ሰው የሚኖርባቸው ጀልባዎች ዳር ላይ ታስረዋል፤ ባለቤቶቹ ፒጃማ ለብሰው ቡና እየጠጡ ያዩአችኋል። የሌላ ኮሌጅ ጀልባዎች ይመጣሉ። ዳክዬ አለ፣ ዝይ አለ። ሚስተር አስቦ የሚሉት፣ ቀዛፊ የሚያባርር ስዋን (ትልቅ ነጭ የውኃ ወፍ) ነበር፤ አስቸግሮ በፈረንጆች 2012 ከወንዙ አንሥተው ሌላ ቦታ ወሰዱት። ወፉ እንኳን ጉዳዩን የሚያይለት ሰው አገኘ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱን የታሰረ ጀልባ ነካሁ። ብዙ አይደለም፣ ቀለም ነው የተላጠው። ሰውየው ወጥቶ የተናገረውን አልጽፍም። ስንመለስ አሠልጣኙ ቀዛፊዎቹን ሰብስበው አስተያየት ሰጡ፤ ለስምንቱ። እኔ የመሪ ገመዱን እየጠቀለልኩ ነበር። ወደኔ ዞር ብለው "አይዞሽ፣ ይለመዳል" አሉኝና ሄዱ። ይለመዳል! በምን ይለመዳል? ያን ዕለት አንድ ኮከብ ነበር የምሰጠው።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነች። የክበቡን አንደኛ ጀልባ ትመራለች። ቁመቷ ከኔም ያንሳል። ማንም አላዘዛትም፤ ስለ ታሰረው ጀልባ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ እሑድ ጠዋት ደወለችልኝ። "ምቹ ጫማ አድርጊና ነይ" አለችኝ። ጀልባ የለም፣ ማይክ የለም። በእግር ሄድን። ከጂሰስ ሎክ ተነሥተን እስከ ቤይትስ ባይት ሎክ፤ ቀዘፋው ያለው በነዚህ ሁለት የውኃ በሮች መካከል ነው፣ ከ4 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

በየመታጠፊያው ታቆመኛለች። "አሁን ወዴት ታያለሽ?" ትለኛለች። ወደ መታጠፊያው አልኳት። "አይደለም። እዚህ ስትደርሺ መዞር ጀምረሽ ማለቅ አለብሽ። ቀድመሽ ነው ማየት ያለብሽ፤ ከዚያች ወንበር ላይ።" ዲተን ኮርነር ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር አሳየችኝ። ግራሲ ኮርነር ላይ አንድ ዛፍ። ፈርስት ፖስት ላይ እንዲሁ። ለእያንዳንዱ መታጠፊያ ምልክት ሰጠችኝ፤ እኔ ደብተሬ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። "የተንጋደደው ዛፍ - ጀምሪ።" "ነጩ አጥር - ዝም በይ፣ አትንኪው።" አዲስ አበባ ቤት ስንጠቁም በመንገድ ቁጥር ነው እንዴ? "ከጤና ጣቢያው ወረድ ብለሽ፣ ሰማያዊው በር" ነው። እኔ ወንዙን የተማርኩት እንደዚያ ነው። ስሙን ሳይሆን ሰማያዊ በሩን።

ሻይ ቤት ገብተን ደግሞ የስኳር ፓኬቶች ደርድራ ጀልባ ሠራች። መሪዋ ትንሽ ስለሆነች በሰዎቹ መምራትን አሳየችኝ። በአንድ ወገን ያሉት አራቱ ጠንከር አድርገው ቢስቡ ጀልባዋ ወደ ሌላው ትዞራለች። ይህን ስሰማ ልቅሶ ነው የመጣብኝ። ለሁለት ሳምንት ከመታወቂያ ካርድ ጋር ስታገል፣ ለካ ስምንት ጎረምሳ እጄ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ያደረገችልኝ ነገር፦ አለቃዎቹን ለምና፣ ወይም ተጣልታ፣ አላውቅም፣ ልምድ ካላቸው ቀዛፊዎች ጋር ሁለት ጊዜ አስወጣችኝ። እሷ በብስክሌት ዳር ዳሩን ተከተለችን። ስትሮክ የሚባለው፣ ኮክሷ ፊት ለፊት ቁጭ የሚለው ቀዛፊ፣ ፊቱ ወደኔ ነው። ማይክ ውስጥ ሳይገባ በሹክሹክታ ይነግረኛል። "አሁን በይ።" "ትንሽ ቆይ።" "ጥሩ ነው፣ አሁን ተይው።" በነዚያ ሁለት ጠዋቶች የተማርኩት በቀደሙት ሁለት ሳምንታት ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። ጀማሪ ኮክስን ከጀማሪ ቀዛፊ ጋር ከማውጣት በፊት ከነባሮቹ ጋር ሁለት ቀን ማስወጣት ምን ይጎዳል? ሁለት ጠዋት ነው! ክበቡ ይህን እንደ ደንብ ቢይዘው አራተኛዋን ኮከብ ዛሬውኑ እሰጥ ነበር።

ሦስተኛው የድምፅ ቅጂው ነው። ስልኬን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላ ኪሴ ከተተችና ቀረጸችኝ። ማታ ቁጭ ብለን ሰማን። ወይ ጉድ! ቃል በቃል ጉድ ነው። በእንግሊዝኛ "ጉድ፣ ጉድ፣ ጉድ" ስል ነው የምሰማው። ቀዛፊው ተሳስቶም ጉድ፣ ልክ ሆኖም ጉድ፣ ልንጋጭ ስንልም ጉድ። ቃሉ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራት ከወንበር ልትወድቅ ደረሰች። "እንግዲያው ትክክል ነበርሽ" አለችኝ።

ከዚያ ቁምነገሩን ነገረችኝ። ከአፌ የሚወጣው ነገር ቀዛፊው የሚሠራበት ካልሆነ ወሬ ነው። የቱ፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ። ከሱ ውጭ ዝም ማለት ይቻላል። ዝም ማለት እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ ማይክ እስካለ ድረስ እንደ ኤፍ ኤም ሬዲዮ መለፍለፍ ያለብኝ መስሎኛል።

ደግሞ "እባካችሁ" የምትለው ነገር። እያንዳንዱን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ "እባካችሁ" እያልኩ ነበር የምጀምረው። እማዬ ትኮራብኝ ነበር። ችግሩ "እባካችሁ" ተብሎ እስኪያልቅ ጀልባዋ ሦስት ሜትር ሄዳለች። እዚህ አገር "ኢዚ ኦር" ሲባል ቀዘፋው ይቆማል፤ "ሆልድ ኢት" ሲባል መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ አስገብተው ጀልባዋን ያቆማሉ። አጫጭር ናቸው፤ እንዲያጥሩ ነው የተሠሩት። አንድ ቀን አንድ ዋናተኛ ከታሰሩ ጀልባዎች መሐል ብቅ አለ። እንግሊዝኛው ከአእምሮዬ ጠፋ። "ቁሙ!" አልኩ፣ ባለ በሌለ ድምፄ። ስምንቱም ቆሙ! በአማርኛ! ዋናተኛው እጁን አውለብልቦ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀልባችን ውስጥ "ቁሙ" የአደጋ ጊዜ ትእዛዝ ሆኗል። አሠልጣኙ ደንቡን ስለሚያከብሩ አልወደዱትም፤ ስለዚህ "ሆልድ ኢት"ንም በዚያው ድምፅ እንድል አለማመዱኝ። እውነት አላቸው። ሌላ ጀልባ ውስጥ ያሉ ሰዎች አማርኛ አያውቁም።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። ኮክስ ቦክስ የምትባል ወፍራም የሻይ ኩባያ የምታህል መሣሪያ አለች። ጭንቅላት ላይ ከሚታሰረው ማይክ ድምፃችሁን ተቀብላ ወንበሮች ሥር ባሉ ድምፅ ማጉያዎች ታሰማለች። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚቀዝፉም ታሳያለች፤ ስትሮክ የሚቀመጥበት ተንሸራታች ወንበር ሥር ማግኔት አለ፣ እሱ ባለፈ ቁጥር ትቆጥራለች። ድሮ ኮክሶች አፋቸው ላይ ሾጣጣ ቱቦ አስረው ይጮኹ ነበር አሉ። ዕቃዋ ግሩም ነች። ቻርጅ ከተደረገች ማለቴ ነው። በኔ ክበብ ቻርጅ ማድረግ የሁሉም ኃላፊነት ነው፤ የሁሉም የሆነ ደግሞ የማንም ነው። ሦስት ጊዜ መሐል ወንዝ ላይ ሞታብኛለች። በሦስተኛው ጉሮሮዬ ተዘግቶ ሁለት ቀን በእጅ ምልክት ነው የተማርኩት። አሁን እኔ ራሴ ክፍሌ ወስጄ እሰካታለሁ። ማታ አረንጓዴ መብራቷን እያየሁ እተኛለሁ።

ላይፍ ጃኬቱን ግን ክበቡ በሚገባ ይዟል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ውኃ ሲነካው በራሱ ይነፋል። ሌላው ገመድ ስትስቡለት ብቻ ነው። አራት ቀዛፊ በሚይዙ ብዙ ጀልባዎች ኮክስ የምትቀመጠው ከፊት፣ ጠባብ ሽንቁር ውስጥ ተንጋልላ ነው። እዚያ ውስጥ ሳላችሁ ጀልባዋ ብትገለበጥና ጃኬቱ በራሱ ቢነፋ፣ አጣብቆ ይይዛችኋል፤ መውጣት አትችሉም። ስለዚህ ለዚያ ጀልባ በእጅ የሚነፋው ብቻ ነው የሚፈቀደው። ኃላፊዋ በየሳምንቱ አንድ በአንድ ትፈትሻቸዋለች። የተሳሳተውን አንሥቼ ስወጣ በሩ ላይ አስቁማ አስመለሰችኝ። ለዚህ ሙሉ ነጥብ።

ልብስ? ማንም አይነግራችሁም። ቀዛፊው ይሞቀዋል፣ ካናቴራ ለብሶ ይወጣል። እናንተ አንድ ሰዓት ተኩል ሳትንቀሳቀሱ ውኃ ላይ ቁጭ ትላላችሁ። ገመዱን የምትይዙት ጣቶች ይቆፍናሉ። ጋቢዬን ደርቤ ልወጣ ስል የመሪ ገመዱ ውስጥ ይገባል ተባልኩ፤ ቅር ቢለኝም ልክ ናቸው። ሁለት ሙቀት ሰጪ የውስጥ ልብስ፣ ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ ሁለት ካልሲ፣ ሆድ ላይ የሙቅ ውኃ ላስቲክ። የመጨረሻዋ የልጅቷ ሚስጥር ነች።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር። ክበቡ ማንንም ሚዛን ላይ አላወጣም፤ አመሰግናለሁ። ግን ራት ላይ ሁለተኛ ሳህን ሳነሣ አንዱ ቀዛፊ "ጀልባዋ ትሰምጣለች" ብሎ ቀለደ። አልሳቅኩም። በዓለም አቀፍ ውድድር የኮክስ ዝቅተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። ከዚያ ካነሳችሁ የጎደለውን ክብደት ጭነት አድርጋችሁ ነው የምትወዳደሩት። እኔ ከዚያ በታች ነኝ። ስለዚህ ሩዙን ጨመርኩ። ሴትነትም ጉዳይ አይደለም፤ ሱ ብራውን በፈረንጆች 1981 የኦክስፎርድን የወንዶች ጀልባ በታላቁ የኦክስፎርድና ካምብሪጅ ውድድር መርታ አሸንፋለች። በተቃራኒውም ሄንሪ ፊልድማን በቶኪዮ ኦሎምፒክ የብሪታንያን ወንዶች፣ በፓሪስ 2024 ደግሞ ሴቶቹን መርቶ ሁለቴ ነሐስ ወስዷል። ቀዛፊዎቹን ጸጥ ያደረግኩት በዚህ ነው።

ዲሴምበር ላይ ፌርቤርን የሚባለው ውድድር መጣ። ጂሰስ ኮሌጅ ነው የሚያዘጋጀው። ጀልባዎች አንድ በአንድ እየተነሡ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። ለጀማሪ የተርሙ ማብቂያ ፈተና እሱ ነው። ወረፋ ስንጠብቅ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ማይኩ ሁሉንም ያስተላልፋል። ተነሣን። ግሪን ድራገን ድልድይ ጋ ስንደርስ አምስት ቁጥር ክራብ ያዘ። መቅዘፊያው ውኃ ውስጥ ተነክሮ አልወጣ ይላል፣ እጀታው ደረቱን ይመታዋል፣ ጀልባዋ ትንገዳገዳለች። ከኋላችን ሌላ ጀልባ እየመጣ ነው። በኦክቶበር ቢሆን "ጉድ" እል ነበር። አሁን ሦስት ነገር ብቻ አደረግኩ፦ አቁሙ አልኳቸው፣ የሱን መቅዘፊያ ጠበቅኩ፣ ስትሮክን አይቼ "ሂዱ"። ያኛው ጀልባ አለፈን። ይለፈን። የተንጋደደው ዛፍ ጋ ስደርስ እጄ በራሱ ጀመረ። ምንም ሳንነካ ጨረስን፤ ድልድይ የለም፣ የታሰረ ጀልባ የለም፣ ዝይ የለም። በውጤት ዝርዝሩ ላይ ከታች ስንቆጠር እንቀርባለን። አሠልጣኙ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ ወደኔ ዞሩ፣ ስለ ድልድዩ ጠየቁኝና ያልኩትን ለሁሉም አስደገሙኝ። በተርሙ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ለሚመጡት ልጆች፦ ግቡበት። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ኮክሶችን የሚያሠለጥነው ማን ነው? ስሙ ያለው ሰው ነው ወይስ "ሁላችንም" ነው? ከነባር ቀዛፊዎች ጋር ታስወጡኛላችሁ? ማይኩን ቻርጅ የሚያደርገው ማን ነው? አንድ ቀንም ራሳችሁ ቅዘፉ። እኔ ሁለት ቁጥር ላይ አንድ ጠዋት አስቀመጡኝ፣ መዳፌ ተላጠ፤ "እግራችሁን ግፉ" እያልኩ የምጮኸው ምን እንደሚመስል ያኔ ነው የገባኝ።

በሚቀጥለው ተርም ባምፕስ ነው። ያኛው ሌላ ዓለም ነው። ጀልባዎች በአንድ ጀልባ ተኩል ርቀት ተደርድረው፣ ኮክሷ ከዳር የታሰረ ሰንሰለት ጫፍ በእጇ ይዛ፣ መድፍ ሲተኮስ ትለቃለች፤ ከዚያ የኋላው ሳይደርስብሽ የፊቱን ድረሺበት ነው። ከተነካሽ እጅሽን ታነሺያለሽ። ሥልጠና ይኖር እንደሆነ ብጠይቅ "አንድ ምሽት እናዘጋጃለን" ተባልኩ። እሱን ሳየው ኮከቡን አስተካክላለሁ።

እስከዚያው ልጅቷ ፈተና አለባት። ትናንት መልእክት ላከችልኝ፤ ሁለት አዳዲስ ኮክሶች መጥተዋል፣ አንዷ የታሰረ ጀልባ ነክታለች። እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጂሰስ ሎክ ጋ ቀጥሬያቸዋለሁ። በነሱ ሰዓት ዘጠኝ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው፤ ምቹ ጫማም እንዲያደርጉ።